ስለ ሲአይኤስኤስፒ ፈተና ድሬ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሲአይኤስኤስፒ (CISSP) የመረጃ ደህንነት ባለሙያዎች ሰርተፍኬት የሚያገኙበት ዓለም አቀፍ ፈተና ነው። «የቴክኒክ ፈተና ነው፤ ሊኑክስና ፋየርዎል ላይ ጥርሱን የነቀለ ሰው አያቅተውም።» ከዚህ አባባል በላይ ያሰለቸኝ የለም። ጎበዝ የድሬዳዋ ልጆችን የሚጥለውም እሱ ነው። ፈተናው 8 የእውቀት ዘርፎች አሉት። ኔትወርክና የሶፍትዌር ደህንነት ከመካከላቸው አሉ፤ የመጀመሪያው ግን የደህንነትና የስጋት አስተዳደር ነው። ሕግ፣ የሥነ ምግባር ደንብና ፖሊሲ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ጥያቄው አራት ምርጫ ይሰጥና «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ብዙ ጊዜ አራቱም ትክክል ይመስላሉ። የቴክኒክ ሰው እጁ ወደ ጥገናው ይሮጣል፤ የሚፈለገው መልስ ደግሞ ከጥገናው በፊት ያለው ውሳኔ ነው።

ሳቢያን ሰፈር የሚሠራ አንድ ጎበዝ ልጅ አስጠና ነበር። መለማመጃው ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ ስላለ የሰርቨር ክፍል ይጠይቃል፤ እሱ ወዲያው መጠባበቂያ ሰርቨር የሚገዛበትን ምርጫ ያዘ። ትክክለኛው ግን የትኛው አገልግሎት ስንት ሰዓት ቢቋረጥ ድርጅቱ ይችለዋል ብሎ ማጥናት ነበር። «ደቻቱን አስብ» አልኩት። በበጋ በአሸዋው ላይ እየተሻገርን የምንሄድበት ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው በወረደ ጎርፍ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ መሆኑ ስጋቱን አያጠፋውም። ፈተናው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ ይደርሳል፣ ሲደርስስ ምን ይወስዳል?

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ጎርፍ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ንብረት የሚያጠፋና በ20 ዓመት አንዴ የሚደርስ ከሆነ፣ የዓመቱ ኪሳራ በአማካይ 100 ሺህ ብር ነው። ለዚህ ንብረት ብቻ በዓመት 300 ሺህ የሚፈጅ መከላከያ መግዛት አያዋጣም። የሰው ሕይወት ካለበት ግን ስሌቱ ይቅር፤ የሰው ደህንነት ያለበት ምርጫ ሁልጊዜ ይቀድማል። እሳት ተነሳ የሚል ጥያቄ ካየህ መጀመሪያ ሰዎቹን አስወጣ፣ ዳታውን ኋላ ትደርስበታለህ።

«ማለፊያው 70 ከመቶ ነው» ይባላል። አይደለም፤ 700 ከ1000 በጥያቄዎቹ ክብደት የተሰላ ነጥብ ነው።

«100ኛው ጥያቄ ላይ ከተዘጋብህ ወድቀሃል» የሚለውም ውሸት ነው። ፈተናው በ3 ሰዓት ውስጥ ከ100 እስከ 150 ጥያቄ ያቀርባል፤ ኮምፒውተሩ ስለ ማለፍህም ሆነ ስለ መውደቅህ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማረም ስለማይቻል ስትለማመድም እንደዚያው ተለማመድ።

«አቦ፣ ወጣ የተባለውን ጥያቄ በቴሌግራም ላክልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አልልክም። ፈተናው ሊጀመር ሲል ጥያቄዎቹን ላለማውጣት ትስማማለህ፤ ይህን የጣሰ ደግሞ ያገኘውንም ሰርተፍኬት ሊነጠቅ ይችላል። በየቡድኑ የሚዞረው ፋይል ላይ የተሳሳተ መልስ በዝቷል፤ እሱን በቃሉ የያዘ ሰው ጥያቄው በትንሹ ሲለወጥበት ይጠፋዋል። እምነት የሚጣልበት ሙያ ውስጥ የሚገባ ሰው በሌብነት ሲጀምር ማየትም ያመኛል።

«የ5 ዓመት ልምድ ስለሌለኝ መፈተን አልችልም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ልምዱ ቢያንስ በ2 ዘርፎች መሆን አለበት፤ ተገቢው ዲግሪ 1 ዓመት ይቀንሳል። ልምድ የሌለውም ተፈትኖ ካለፈ የአይኤስሲ ቱ (ISC2)፣ ማለትም የፈተናው ባለቤት ድርጅት፣ ተባባሪ አባል ሆኖ በ6 ዓመት ውስጥ ልምዱን ያሟላል። ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ግን የእኔ ምክር ሴኩሪቲ ፕላስ (Security+) ከሚባለው የጀማሪዎች የደህንነት ፈተና እንዲጀምር ነው፤ ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ የግዴታ ልምድ አይጠይቅም።

«ካለፍኩ አለቀ» አትበል። ልምዱ ካለህ፣ በ9 ወር ውስጥ የአይኤስሲ ቱ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ወይም ድርጅቱ ራሱ ልምድህን አረጋግጦ ሊደግፍህ ይገባል። ከዚያም የዓመት ክፍያ አለ፣ በየ3 ዓመቱም 120 የቀጣይ ትምህርት ነጥብ ማሟላት አለብህ።

«ስም ቀላል ነገር ነው» የሚሉም አሉ። የተመዘገብክበት ስም ከመታወቂያህ ጋር ካልገጠመ የፈተና ማዕከሉ በር ላይ ሊመልሱህ ይችላሉ፤ ክፍያውም ሊቀልጥ ይችላል። በእኛ ከተማ መሐመድን በላቲን ፊደል አምስት ሰው በአምስት መንገድ ይጽፈዋል። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ፓስፖርትህን ፊትህ አስቀምጥና ስምህን፣ የአባትህንና የአያትህን ስም ፊደል በፊደል ገልብጥ።