የቱርክ 2ኛ ሊግ ምንድን ነው?

ቤቲንግ ቤት ገብቶ የጨዋታ ዝርዝር ያየ ሰው ይህን ስም ሳያገኘው አይቀርም። ቱርክ፣ 2ኛ ሊግ፣ ነጭ ምድብ። ከሥሩ የሁለት ክለቦች ስም፣ የጨዋታው ሰዓት፣ ከጎኑ ኦድ (ያስያዝከው ብር ስታሸንፍ የሚባዛበት ቁጥር)። ብዙ ወጣት ስለ ክለቦቹ ምንም ሳያውቅ ትኬት ይቆርጥባቸዋል። እኔ ግን ይህን ሊግ የምወደው ለሌላ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ አንድ ከተማ አለ፤ አንዳንዴም ትልቅ ታሪክ ያለው ከተማ።

መጀመሪያ ደረጃውን እንለይ። 2ኛ ቢባልም ሦስተኛው እርከን ነው። ከላይ ጋላታሳራይና ፌነርባቼ የሚጫወቱበት ሱፐር ሊግ አለ። ቀጥሎ 1ኛ ሊግ፣ ከዚያ 2ኛ ሊግ ይመጣል። ከታች 3ኛ ሊግ፣ ከእሱም በታች አማተር ሊጎች አሉ። 2ኛ ሊግ ነጭና ቀይ በሚባሉ ሁለት ምድቦች ይከፈላል። የየምድቡ አንደኛ በቀጥታ ወደ 1ኛ ሊግ ያድጋል። ከእነሱ በታች የጨረሱት ደግሞ ለቀረችው አንድ ቦታ በፕሌይ ኦፍ፣ ማለትም በተጨማሪ የማጣሪያ ጨዋታዎች ይፋለማሉ። መጨረሻ የወጡት ይወርዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ሊግ ውስጥ ያለ ክለብ ሁሉ ትንሽ ክለብ አይደለም። ለዚህ ከቡርሳ ከተማው ክለብ ከቡርሳስፖር የተሻለ ማስረጃ የለም።

በግንቦት 2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የሱፐር ሊጉ የመጨረሻ ቀን ላይ ፌነርባቼ መሪ ነበር። ቡርሳስፖር በሜዳው ቤሺክታሽን 2 ለ 1 አሸነፈ። ፌነርባቼ ኢስታንቡል ላይ ከትራብዞንስፖር ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቡርሳም አቻ ወጥቷል የሚል የተሳሳተ ወሬ ስታዲየሙ ውስጥ ተሰማና የፌነርባቼ ደጋፊዎች ሻምፒዮን የሆኑ መስሏቸው ሜዳ ገብተው ጨፈሩ። ዋንጫው ግን በ75 ለ 74 ነጥብ የቡርሳ ነበር። ከኢስታንቡል ውጪ ያለ ክለብ ሊጉን ሲበላ ከትራብዞንስፖር ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ቡርሳስፖር በሻምፒዮንስ ሊግ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ተመደበ።

ከዚያስ? በ2019 ከሱፐር ሊግ ወረደ። በ2022 ወደ 2ኛ ሊግ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 3ኛ ሊግ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከአገሪቱ አናት ወደ አራተኛው እርከን!

ምክንያቱ በዋናነት ዕዳ ነው። ክለብ ላይ ሲወጣ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል። ሲወርድ ገቢው ይቀንሳል፣ የተጫዋቾቹ ውል ግን አይቀንስም። ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ፊፋ ዘንድ ይከሳል፣ ፊፋ ደግሞ የዝውውር እገዳ ይጥላል። አዲስ ሰው ማስፈረም ያልቻለ ክለብ ከአካዳሚው ልጆች አውጥቶ ያሰልፋል፤ ልጆቹም ከጎለመሱ ቡድኖች ጋር ተጋጥመው ይሸነፋሉ። ቡርሳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከተማው ግን አልተወውም። በ3ኛ ሊግ በነበረበት ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ ስታዲየም እየገባ ከጎኑ ቆመ። ክለቡም በ2025 ወደ 2ኛ ሊግ ተመለሰ።

ኮጃኤሊስፖርም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በ2002 በቱርክ ዋንጫ ፍጻሜ ቤሺክታሽን 4 ለ 0 የረታ ክለብ ነው። በኋላ እስከ አማተር ሊግ ወረደ፤ ሱፐር ሊግን ደግሞ በ2025 መልሶ አገኘው። የኢዝሚሩ ጎዝቴፔም አማተር ሊግን ቀምሶ የተመለሰ ነው።

ይህ ሊግ ከኳስ ያለፈ ነገርም ይሸከማል። መጋቢት 2023 ላይ ቡርሳስፖር አመድስፖርን አስተናገደ። አመድስፖር ኩርዶች የሚበዙባት የዲያርባኪር ክለብ ነው፤ አመድ ከተማዋ በኩርድኛ የምትጠራበት ስም ነው። በዚያ ቀን እንግዶቹ ተጫዋቾች ላይ ጠርሙስና ርችት ዘነበባቸው። ከደጋፊዎች መካከል በ1990ዎቹ ከተፈጸሙ የኩርዶች ግድያዎች ጋር የሚያያዝ የነጭ መኪና ምስል ያወጡ ነበሩ። ሦስተኛ እርከን ላይ የተደረገ ጨዋታ የመላ አገሪቱ መነጋገሪያ ሆነ። ይህን ሳያውቁ የሁለቱን ስም በአንድ መስመር ላይ ማንበብ ምንም አይነግርም። አመድስፖር በቀጣዩ ዓመት ምድቡን አሸንፎ አደገ።

ስለ ውርርድም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ይህን ሊግ የምናውቀው በእሱ በኩል ነው። በጥቅምት 2025 የቱርክ ፌዴሬሽን ከ571 ዳኞቹ ውስጥ 371ዱ የውርርድ አካውንት እንዳላቸው ይፋ አደረገ። በኅዳር ደግሞ 1,024 ተጫዋቾች ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመሩ። አብዛኞቹ ከታችኞቹ ሊጎች ነበሩ፤ ከሱፐር ሊግ 27 ብቻ። 2ኛና 3ኛ ሊግ ለሁለት ሳምንት ተቋረጡ። መወራረድ ብቻውን ጨዋታ መሸጥ ማለት አይደለም፣ ይህን መለየት ያስፈልጋል። ቢሆንም ደመወዙ በሰዓቱ የማይገባለት ተጫዋች በበዛበት ሊግ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ትኬት የምትቆርጡ ልጆች ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የሚመጣው ሳምንት የሁለት ክለቦች ጨዋታ ዓይናችሁ ከገባ መጀመሪያ ሰንጠረዡን እዩ፤ ለአንደኝነት ነው፣ ለፕሌይ ኦፍ ነው ወይስ ላለመውረድ? ቀጥሎ የዝውውር እገዳ ያለበት እንዳለ አጣሩ፤ አሰላለፉ የሚወሰነው እዚያ ነው። በመጨረሻ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ተፈቅዶላቸው እንደሆነ ፈልጉ። በቱርክ ይህን የሚወስነው የየክፍለ ሀገሩ የስፖርት ጸጥታ ቦርድ ነው። ጠብ ያላቸው ክለቦች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ይከለክላል፤ ያኔ እንግዳው ቡድን ዘጠና ደቂቃውን ያለ ደጋፊ ይጫወታል።