«የሁከቱን አዋጅ አነበበላቸው» ሲባል

እንግሊዞች «ሪድ ዘ ራዮት አክት» ሲሉ ቃል በቃል «የሁከቱን አዋጅ አነበበ» ማለታቸው ነው። ዛሬ ግን የሚነበብ ነገር የለም፤ አጥፊን አምርሮ መገሠጽና «ከእንግዲህ አልታገሥም» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው።

ድሮ በእርግጥ ይነበብ ነበር። በብሪታንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1715 ጀምሮ በጸናው ሕግ መሠረት፣ 12 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለሁከት ከተሰበሰቡ ሹሙ ፊታቸው ቆሞ አዋጁን በንጉሡ ስም ጮክ ብሎ ያነብባል። ከዚያ በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ ያልተበተኑት በሞት ሊቀጡ ይችሉ ነበር። አንባቢው መዝጊያውን፣ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የሚለውን፣ ቢዘነጋ ንባቡ ሕጋዊ ዋጋ ያጣል። የሰው ነፍስ በአንዲት ሐረግ ላይ መንጠልጠሏ ያስደነግጣል! እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን አባባል ለለዘብተኛ ምክር መጠቀም ታዲያ ትክክል አይደለም።