ፓወር ስቲሪንግ ምንድን ነው? አሮጌ ቫንስ ያስፈልገዋል?

ፓወር ስቲሪንግ መሪ ሲዞር የሹፌሩን ክንድ የሚያግዝ ዕቃ ነው። አንድ አሮጌ ቫን ይኑረው አይኑረው ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። መኪናው ከማርሽ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ቁልፉ መሪውን እስኪለቅ ድረስ ይዙር። ከዚያ መሪውን ወደ አንድ ጎን ጠበቅ አድርገው ገፍተው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሱ። ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት መሪው እጅዎ ውስጥ ለስለስ ብሎ ከዞረ አጋዥ አለው። ምንም ካልተለወጠ ያንን መኪና የሚያዞረው የሹፌሩ ክንድ ብቻ ነው።

ይህችን ሙከራ ያስቀደምኳት ብዙ ሰው የያዘውን የተሳሳተ ሐሳብ ስለምታርም ነው። ፓወር ስቲሪንግ መሪውን ከጎማው አያለያይም፣ መኪናውንም በራሱ አያዞርም። ከመሪው ተነስቶ በአምዱ በኩል ወደ መሪ ሳጥኑ ወይም ጥርስ ወዳለው አግዳሚ ዘንግ፣ ከዚያም በሚገፉትና በሚስቡት ዘንጎች አማካይነት ወደ ጎማዎቹ የሚደርሰው የብረት ግንኙነት በሁለቱም ዓይነት መኪና ላይ አለ። በአንደኛው ሹፌሩ ብቻውን ይገፋል፤ በሌላኛው አብሮት የሚገፋ አለ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ብቻውን የሚገፋው ሹፌር ጉልበት የሚያገኘው ከዙር ነው። ያለ አጋዥ በሚሠራ መሪ ጎማውን አንድ ዲግሪ ለማዞር መሪውን 20 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማዞር የተለመደ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ለማድረስ ከ4 እስከ 5 ሙሉ ዙር ይፈጃል። ትልቅ ድንጋይን በረጅም ብረት እንደ መፈንቀል ነው፤ እጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ጥቂት ይነቃነቃል። የአሮጌ ቫን መሪ ሰፌድ የሚያክለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክቡ በሰፋ ቁጥር ክንድ የተሻለ ይሠራል። አጋዥ ያለው መሪ ግን ይህን ሁሉ ዙር ስለማይፈልግ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3 ዙር ገደማ ያወርዱታል። ይህን ቁጥር በልብዎ ይያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

በአሮጌ ቫኖች ላይ አጋዡ ዘይት ነው። ሞተሩ በቺንጊያ አንድ ትንሽ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ዘይት ስቦ በወፍራም ቱቦ ወደ መሪ ሳጥኑ ይገፋል። የብልሃቱ እምብርት ግን ፓምፑ አይደለም። አምዱ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርሳስ የምትመስል አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማው እምቢ ካለ ይህች ዘንግ በጥቂቱ ትጠማዘዛለች። መጠማዘዟ በዙሪያዋ ያለውን ቫልቭ ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል፤ ዘይቱም ጎማው መዞር ባለበት አቅጣጫ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል። ጎማው ሲታዘዝ ዘንጓ ትቃናለች፣ ዘይቱም ሥራውን ጨርሶ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ሹፌሩ አጥብቆ ሲገፋ አጥብቆ ያግዛል፣ ቀለል አድርጎ ሲገፋ ቀለል አድርጎ ያግዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ አንዳች ኮምፒውተር ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። መሪው ጥግ ደርሶ እዚያው ሲያዝ የዘይቱ ግፊት ከ80 ባር በላይ ሊወጣ ይችላል። የቫን ጎማ የሚይዘው ነፋስ ከ2 እስከ 4 ባር ገደማ መሆኑን ሲያስቡ፣ ያ ቱቦ ለምን እንዲያ እንደሚወፍርና ማንኛውም የውሃ ቱቦ ለምን እንደማይተካው ይገባዎታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1926 ፒርስ አሮው በተባለ መኪና ላይ ገጥሞ አሳይቶታል። ዴቪስ ቀደም ሲል በዚያው ፋብሪካ የጭነት መኪና ክፍል ውስጥ ይሠራ ስለነበር የከባድ መኪና መሪ ክንድን ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ሐሳቡን ወስዶ ሞከረው፣ ውድ ሆኖ ስላገኘው ተወው። ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ቫኖች ጋ የደረሰው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለተሠሩ ብዙ ቫኖች ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገጠም ዕቃ ነበር። ዛሬ መልካቸውና ዕድሜያቸው አንድ የሆነ ሁለት ቫኖች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ በአንድ እጅ ሲዞር ሌላው ትከሻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ቫን ከቤት መኪና የሚለየው ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ሹፌሩ የፊት ጎማው አናት ላይ በሚቀመጥበትና ሞተሩ ከወንበሩ ሥር በሆነበት ቫን፣ ከፊት የሚቀመጡትም ሰዎች ሞተሩም የሚጫኑት የፊት ጎማን ነው። እንዲህ ያለው መኪና ቆሞ ሲዞር ጎማው መሬቱን እየፋቀ ስለሆነ ከባድ ነው። ሞተሩ ከኋላ የሆነ ቫን ግን ፊቱ ቀሊል ነው፤ ያለ አጋዥም ሳያስቸግር ይነዳል። ስለዚህ «ቫን ያለ ፓወር ስቲሪንግ አይነዳም» የሚል ሰው የነዳው የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክብደቱ ደግሞ የሚሰማው ሲቆምና ሲዘገይ ነው። መኪናው በእግር መራመጃ ፍጥነት እንኳ መንከባለል ከጀመረ ሸክሙ በእጅጉ ይወርዳል፤ በረጅም መንገድ ላይ ሁለቱን ዓይነት መሪዎች በክብደት መለየት ይከብዳል።

እኔ ራሴ ቫኔ መሪው ከብዶኝ ፓወር ስቲሪንግ ላስገጥም ወስኜ ነበር የሄድኩት። መካኒኩ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። አንድም ነገር ሳይፈታ ክሪክ አምጥቶ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከመሬት አነሳቸውና መሪውን እንዳዞር ነገረኝ። ሁለት እጄን ተጠቅሜ፣ እየተንገጫገጨ፣ በግድ ዞረ።

«ልጄ፣ አሁን እኮ ጎማው አየር ላይ ነው። የያዘህ መሬቱ አይደለም፤ ታዲያ ማን ነው?» አለኝ።

የያዘኝ በአምዱ ላይ ያለች አንዲት የዛገች መጋጠሚያ ነበረች። ከሷ ጋር ግሪስ አይተው የማያውቁ የሚመስሉ ኳስ መሳይ የፊት እግር መጋጠሚያዎች ነበሩ፤ አንዱ ላስቲኩ ተቀዶ አቧራና ውሃ ገብቶበት ውስጡ ቡናማ ዱቄት ሆኗል። መጋጠሚያዎቹ ተቀይረው፣ የሚቀባው ተቀብቶ፣ የጎማው ነፋስ በልኩ ሲሞላ ያው መኪና ሌላ መኪና ሆነ። ጎማዎቹ አየር ላይ እንዳሉ መሪውን በአንድ ጣት ከጥግ እስከ ጥግ አዞርኩት።

ስለዚህ ለመምረጥ ከመነሳት በፊት ክሪኩን ያንሱ፤ ከሥሩም ደጋፊ ያስገቡ፣ ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እንዳይገባ። ጎማው ተነስቶም መሪው ከከበደ ችግሩ ብልሽት ነው፤ ፓወር ስቲሪንግ ብልሽቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፣ የተሸፈነ የመሪ ብልሽት ደግሞ አደገኛ ነው። ተነስቶ ከቀለለ፣ ወርዶ ከከበደ ሸክሙ በጎማና በመሬት መካከል ነው። ያኔ ነፋሱን ይለኩ፣ አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቀማመጥ) ያስመርምሩ፣ ጎማውንም ይመልከቱ። ለመልክ ሲባል ከፋብሪካው ልክ በላይ ሰፊ ጎማ፣ ወይም ጎማውን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቸርኬ ከተገጠመ መሪው ይከብዳል፤ ወደ ልኩ መመለስ ብቻ ሊያቃልለው ይችላል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከከበደ፣ አዎ፣ አጋዥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ 3 ዙሩ ልመለስ። ፓምፑ የሚያፈስ ወይም የሚጮህ አሮጌ ቫን ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ቺንጊያውን አውጣው፣ ማንዋል (አጋዥ የሌለው መሪ) ይሆናል» የሚል ነው። አይሆንም። ያ መሪ ጥርሱ የተሠራው አብሮ የሚገፋ አለ ተብሎ ነው፤ 5 ዙር የሚያከፋፍለውን ሸክም በ3 ዙር እንዲሸከም ሆኖ ነው። በዚያ ላይ ፒስተኑንና በዙሪያው ያለውን ዘይት ሹፌሩ በክንዱ መግፋት አለበት፤ ዘይቱ ካለቀ ደግሞ ጎሚኒዎቹ (ዘይቱን የሚያሽጉት ላስቲኮች) ደርቀው ይበላሉ። አጋዡ የሞተበት ፓወር ስቲሪንግ ከሁሉም የከበደ መሪ ነው። እኔ ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ አልቃወምም፤ ይህን ሦስተኛውን ግን ለማንም አልመክርም።

ይህ ልዩነት በጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሰማ በሌላ ሰው ቫን አይቼዋለሁ። ቁልቁል ስወርድ ቺንጊያው ተበጠሰ፤ ጧ ያለ ድምፅ ሰማሁና ቀጣዩ ኩርባ ላይ መሪው ግድግዳ ሆነ። ዞረ፣ ግን በሁለት ክንድና በወገብ። መሪው እንደማይቆለፍ ቀድሜ ባላውቅ ኖሮ ደንግጬ እተወው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መሪ ደንብ ቁጥር 79 ለቤት መኪና በዝግታ ሲዞር ከ150 ኒውተን በላይ ጉልበት እንዳይጠይቅ፣ አጋዡ ሲበላሽ ግን እስከ 300 ኒውተን እንዲፈቀድ ይላል። 150 ኒውተን 15 ኪሎ ገደማ እንደ ማንሳት ነው። ሕጉ ራሱ አጋዡ ሲጠፋ መሪው እጥፍ እንዲከብድ ፈቅዷል ማለት ነው። አሮጌ ቺንጊያና ያረጀ ቱቦ ይዞ የሚነዳ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

አጋዥ ለሌለው ቫን ለማስገጠም የወሰነ ሰው ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ከዚያው ዓይነት ቫን፣ ፋብሪካው ራሱ የገጠመውን ሙሉ ዕቃ መውሰድ ነው፤ ፓምፑን፣ ማሰሪያውን፣ ቱቦዎቹን፣ ማጠራቀሚያውን፣ መሪ ሳጥኑን፣ አምዱ የተለየ ከሆነም አምዱን። ሲጨርሱ አላይመንቱ ለፓወር ስቲሪንግ በተሰጠው ልክ መስተካከል አለበት። ማንዋል መሪ ያላቸው መኪኖች መሪው እንዲቀል ተብሎ የፊት ጎማቸው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ይቀነሳል፤ አጋዥ ያላቸው ግን ቀጥ ብለው እንዲሄዱና መሪው ራሱ ወደ መሀል እንዲመለስ ማዕዘኑ ይጨመርላቸዋል። ይህ ሳይስተካከል ከቀረ መሪው ከመጠን በላይ ቀሎ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል።

ሁለተኛው መንገድ ከትንሽ ዘመናዊ መኪና የተፈታ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያግዝ የመሪ አምድ ነው። ዘይትም ቱቦም የለውም፤ ያለው መሪ ሳጥን ባለበት ይቆያል፣ 5ቱ ዙርም ይቆያል፣ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ መሪው ወደ ቀድሞ ክብደቱ አካባቢ ይመለሳል እንጂ ግድግዳ አይሆንም። ይህ ጠባዩ በጣም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቆሞ ሲዞር በአንድ አፍታ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ የአሮጌ ቫን ዲናሞ መብራቱን ከማብራት አልፎ ይህን መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ከሁሉም በላይ አምዱ ተቆርጦ የሚበየድ ከሆነ ያቺ ብየዳ ላይ የቤተሰብ ሕይወት ይንጠለጠላል። የመሪ አምድ ብየዳ ሥራው የሆነና የሠራውን የሚያስመረምር ሰው ካልተገኘ ባይጀመር ይሻላል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ፊቱ ቀሊል የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ አንድ ሰው የሚነዳው ቫን ማንዋል መሪው ጤነኛ ከሆነ ይቆይለት። የሚፈስ የለውም፣ የሚበጠስ የለውም፣ መንገዱንም በእጅ ያስነብባል። ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር የሆነ፣ የሚጫን፣ በጠባብ ቦታ ቀን ሙሉ የሚገባና የሚወጣ ቫን ግን አጋዥ ይገጠምለት። ትከሻው የታመመ ወይም ጉልበቱ የቀነሰ ሰው የሚነዳው ከሆነማ ምንም ክርክር የለውም። ከባድ መሪ ማዞር የጀግንነት መለኪያ አይደለም፤ ድንገት ልጅ መንገድ ላይ ሲገባ ክንድ የሚፈለገው ለዚያች ሰከንድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲታገል የዋለ ክንድ ደግሞ ይዘገያል።

አጋዥ ያለውን ቫን የሚነዳ ሰው መሪውን ጥግ አድርሶ ለረጅም ጊዜ አይያዘው፤ ያ ከባድ ሲቃ የሚመስል ድምፅ ፓምፑ በሙሉ ግፊት ዘይቱን እያፈላ መሆኑን ይናገራል። ጥግ ሲደርስ ጣት የምትሞላ ያህል መለስ ማድረግ ይበቃል። አጋዥ የሌለውን የሚነዳ ሰው ደግሞ ቆሞ አያዙር። ፍሬኑን ትንሽ ለቀቅ፣ ጎማው ሩብ ዙር እንኳ ይንከባለል፣ መሪው የሚዞረው ያኔ ነው።