ወሎ፣ ሐይቅ ዳር አበባ ለማየት ለምትመጡ፦ እነዚህን ነገሮች እባካችሁ ተዉ

ነሐሴ ሲገባደድ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ከደሴም ከአዲስ አበባም የሚደወለው ለአንድ ጉዳይ ነው። «ለእንቁጣጣሽ ዕለት ሐይቅ ዳር አደይ አበባ እያየን በእግር እንድንሄድ አዘጋጅልን።» ሰው ማስጎብኘት እንጀራዬ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብደኛል። ግን እምቢ እላለሁ።

አደይ መስከረም 1 ጠዋት ቀጠሮ አክብሮ አይፈነዳም። ይህን ሐሳብ ያስያዘን የበዓል ቴሌቪዥን ይመስለኛል። በእኛው አቆጣጠር እንኳ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ወሎ ላይ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ይወርድና በመስከረም እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ጳጉሜን ላይ ቀጥ አይልም። በእንቁጣጣሽ ዕለት የሚጠብቃችሁ ጥቂት የፈነዳ አበባ፣ ብዙ እምቡጥና ጫማ የሚያስወልቅ ጭቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ አለላችሁ።

አንድ የመሥሪያ ቤት ቡድን «ቀኑ ካልሆነ ምን ትርጉም አለው?» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እሺ አልኩ። ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ሐበሻ ቀሚሱ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ዓሣቸውን በልተው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ማማረሩ ግን ለእኔ ተረፈ።

ስለዚህ ከመስቀል ማግስት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ኑ። ያኔ መሬቱ ጠንከር ይላል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ እርጥብ ሜዳው ላይ ማገጡም አብቦ ይገኛል። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ብትነሱ ፀሐይ ሳትከር እግራችሁን ታፍታታላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ከከተማው ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው መንገድ ይህ ነው የሚባል ዳገት የለውም፤ ልጅም አዛውንትም ይወጣዋል። «ተራራ ካልወጣን ጉዞ አይባልም» የምትሉ ጦሳ አለላችሁ፣ እኔን ተዉኝ።

ከእንግዶች የምሰማው ሌላም አለ። «ቢጫ ሁሉ አደይ ነው።» አይደለም። መጭም ቢጫ ነው፣ ኑግም ቢጫ ነው። ቅጠሉን እዩ፦ የአደይ የተሰነጣጠቀ ነው፤ የመጭ ግን ያልተከፋፈለ፣ ሲነኩት የሚሻክር።

«እስጢፋኖስ ደሴት ስለሆነ ጀልባ ያስፈልጋል።» ድሮ ነበር። ዛሬ ከየብሱ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ ይህን ለቡድናችሁ ቀድማችሁ ንገሩ እንጂ በር ላይ ከአባቶች ጋር ክርክር አትግጠሙ።

«ዳር ዳሩን ብዋኝ ምን አለበት?» የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። አትዋኙ።

«ወሎ ደጋ ነው፣ ወባ የለም።» ደሴ ሆኖ ማውራት ቀላል ነው። ሐይቁ ከደሴ ብዙ ዝቅ ይላል፣ ወባ የሚበረታውም ክረምቱ ሲወጣ ነው። ለማደር ካሰባችሁ አጎበር ያዙ።

«የሜዳ አበባ ባለቤት የለውም።» ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። አደይ የእርሻ ወሰን ላይ መብቀል ይወዳል። ከወሰኑ ወዲያ ያለው ደግሞ የሰው ጤፍ ነው። በዚያ ወቅት ጤፍ አገዳው ቀጭን፣ ራሱ እየከበደ የሚሄድ ነው፤ አንዴ ከተረገጠ ቀና ማለት ይቸግረዋል። አንዲት እንግዳዬ ለፎቶ ብላ መሐል ገብታ ቁጭ አለች። ባለእርሻው አባት ዱላቸውን ይዘው መጡ። ገላጋይ ማን ሆነ? እኔ።

በእቅፍ መቅጠፉም ይቅር። የአደይን ዘር የሚይዙት እዚያ አበባው መሐል የታጨቁት ጥቃቅን አበቦች ናቸው፤ ሳያፈራ የተቀነጠሰ ዘሩን አያራግፍም። ፎቶ ከፈለጋችሁ መንገዱ ዳር ሞልቷል። የግድ ወደ ማሳው መጠጋት ካለባችሁ ሰላምታ አስቀድሙ፤ አሰላሙ አለይኩምም ጤና ይስጥልኝም ያስኬዳል። ከዚያ «አባ፣ እዚች ጋ ብንቆም ይፈቅዱልናል?» በሉ። እስካሁን የከለከለን የለም፤ እንዲያውም ቡና ጠጡ ብለው የሚያስቀሩን ይበዛሉ።

ለዚያ ለተረገጠው ጤፍ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ሒሳብ ስንነጋገር የሰብል ካሣ በእንግዳው እንደሆነ ቀድሜ እናገራለሁ።