«ዬዬ» ምንድን ነው? ፍራንስዋዝ አርዲንስ ለምን አይገልጻትም?

ፈረንሳዊቷ ዘፋኝና ተዋናይት ፍራንስዋዝ አርዲ ጁን 11 ቀን 2024 በ80 ዓመቷ ካረፈች ወዲህ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ዓይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ «ዬዬ»። አላጣውም፤ የማገኘው ግን ያለ ቦታው ተሰክቶ ነው። ሰሞኑን ያነበብሁት ትዕግሥቴን ጨረሰው። ጸሐፊው ዬዬን «ቆንጆ ልጃገረዶች ሌላ ሰው የደረሰላቸውን የዳንስ ዘፈን የሚጫወቱበት የፈረንሳይ የሙዚቃ ስልት» ሲል ፈታው፤ ከዚያም አርዲን «የዬዬ አሻንጉሊት» ብሎ በምሳሌነት አቆማት። ፍቺው ስሕተት ነው፤ ምሳሌው ከፍቺው ይብሳል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ምንጭ አያከራክርም። የእንግሊዝኛ ሮክ ዘፋኞች በስንኝ መሐል ከሚያስገቡት «ዬ፣ ዬ» («አዎ፣ አዎ» ማለት ነው) ከሚል ጩኸት የተወሰደ ነው። ጁን 22 ቀን 1963 ፓሪስ ውስጥ ናሲዮን አደባባይ ላይ፣ «ሳሉ ሌ ኮፓን» በተባለው የወጣቶች የሬዲዮ ዝግጅትና መጽሔት ጥሪ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ወጣት ተሰበሰበ፤ ጆኒ አሊዴይና ሲልቪ ቫርታን ዘፈኑለት። በጁላይ ወር ደግሞ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁሩ ኤድጋር ሞራን በ«ለ ሞንድ» ጋዜጣ ላይ ስለዚህ ትውልድ ሲጽፉ ቃሉን አስተዋወቁ። ልብ ይባል፤ ሞራን የሙዚቃ ሐያሲ አልነበሩም፤ ያስጨነቃቸውም ምቱና ቅኝቱ አልነበረም። የጻፉት ስለ አድማጩ ነው፤ የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ መጽሔት፣ የራሱ ልብስ ስለ ኖረው፣ ከወላጆቹ የተለየ ወገን መሆኑን ስለ አወቀ ወጣት ነው።

በጩኸት መሰየም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሆያ ሆዬን ተመልከቱ። የቡሄ ዕለት ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ሲዞሩ ግጥሙን የሚያወጣው አውራጁ ነው። የቤቱን ጌታ የሚያወድሰው፣ ሙልሙሉን የሚለምነው፣ በሩ ሲዘገይ ነካ የሚያደርገው፣ ስንኙን እዚያው ቆሞ የሚያሰናኘው እሱ ነው። ተቀባዮቹ «ሆ» ይላሉ። የጨዋታው ስም ግን ከሆታው የመጣ ነው። ከሁለት መንደር ማዶ የተቀመጠ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚሰማው «ሆ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ግጥሙ ጆሮው አይደርስም። ይህ ሰው ተነሥቶ «እነዚህ ልጆች ግጥም የላቸውም፤ ሆ ብቻ ነው የሚሉት» ቢለን ምን እንለዋለን? ቀረብ ብለህ ስማ እንለዋለን። ዬዬ እንዲህ ከማዶ የወጣ ስም ነው። አርዲ ደግሞ አውራጅ ነበረች።

ምሳሌው የሚያነክስበትንም ልናገር። የሆያ ሆዬ ዜማ ይታወቃል፤ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሆታ ይለየዋል። ዬዬ እንዲህ የሚለይ ዜማ የለውም። በዚህ ስም ሥር ትዊስት አለ፣ ሮክ አለ፣ ከአሜሪካ ተወስዶ በፈረንሳይኛ ግጥም የለበሰ ዘፈን አለ፣ ሻርል አዝናቩር ለቫርታን የጻፈላት ዝግ ያለ ዘፈንም አለ። የሴቶች ብቻ ነው የሚለው ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። አሊዴይ ወንድ ነው፤ በ1962 የአሜሪካ ዘፈን ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ ስሙን የተከለው ክሎድ ፍራንስዋም ወንድ ነው። እነሱን ማንም አሻንጉሊት አይላቸውም።

እኔ ሥራዬ ሸክላ መመዝገብ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሸክላው እንሂድ። አርዲ በ1944 ፓሪስ ተወለደች፤ እሷንና እኅቷን ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋን ስታልፍ ጊታር ተሸለመች፤ ብዙም ሳትቆይ የራሷን ዘፈን መድረስ ጀመረች፤ በኖቬምበር 1961 ከቮግ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። በ1962 የወጣው የመጀመሪያ ሸክላዋ፣ በዚያ ዘመን በፈረንሳይ እንደተለመደው፣ አራት ዘፈን የያዘ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ ነው። ኩባንያው ተስፋ የጣለበት አንዱ ከአሜሪካ የመጣ ዜማ ሲሆን ፈረንሳይኛ ግጥሙን የጻፉትም ለአሊዴይ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱ የእሷ ናቸው። ፈረንሳይን ያነቃነቀው የትኛው ሆነ? የራሷ ድርሰት የሆነው ሆነ! ኦክቶበር 28 ቀን 1962፣ ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጥ ወይስ አይመረጥ በሚል ሕዝበ ውሳኔ የተሰጠበት ምሽት፣ አገር ሁሉ ውጤት ሊሰማ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ሳለ በመሐል ብቅ ብላ ዘፈነችው። እኩዮቿ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ናት የምትናገረው። ዝግ ያለ ነው፤ አያስጨፍርም፤ «ዬ» የሚል ጩኸት የለበትም። ቃሉ በጋዜጣ የታተመው ደግሞ ከዚያ ምሽት ስምንት ወር በኋላ ነው። በ1962 መጨረሻ በወጣው አልበሟ ከ12 ዘፈኖች 10 የራሷ ናቸው። በ1963 ሞናኮን ወክላ በአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ በዩሮቪዥን፣ ላይ አምስተኛ የወጣችበትን ዘፈንም ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችው ራሷ ናት።

እዚህ ላይ ከሙያዬ የሚመጣ ጥንቃቄ አለ፤ ባልጠየቅም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሸክላው መሐል ባለው ክብ ወረቀት ላይ የሚታተመው ስም የመብት ምዝገባ ነው እንጂ የዓይን ምስክር አይደለም። በዚያ ዝነኛ ዘፈን ዜማ ላይ ከአርዲ ስም ጎን የአቀናባሪው ስም ሰፍሯል። አቀናባሪ መግቢያውን ሠርቶ፣ የዘፈኑን ክፍሎች የሚያገናኘውን ድልድይ አስተካክሎ ስሙ ከዜማ ደራሲው ጎን የገባበት ሸክላ ብዙ ነው፤ ያልሠራው ስሙ የገባበትም አለ። ስለዚህ ከወረቀቱ ብቻ «ይህን ያህሉ የእሷ ነው» ብሎ በሚዛን ማካፈል አይቻልም። ግጥሙ ግን ያለ ተጋሪ በእሷ ስም ነው የተመዘገበው።

ታዲያ የአሻንጉሊቱ ወሬ ከየት መጣ? ከሌላ ሰው ታሪክ ነው። ፍራንስ ጋል በ1965፣ በ17 ዓመቷ፣ ሉክሰምበርግን ወክላ ዩሮቪዥንን ያሸነፈችው የዘፈን ደራሲው ሰርዥ ጌንስቡር በደረሰላት፣ በርዕሱ ራሱ አሻንጉሊትን በሚጠራ ዘፈን ነው። በቀጣዩ ዓመት የጻፈላት ዘፈን ድብቅ ትርጉም እንዳለው ሳይገባት ዘፈነችው፤ ሲገባት ክፉኛ ተጎዳች። ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ ሊነገርም ይገባል። የእሷ ነው ግን፤ ከእሷ ላይ አንሥቶ በአርዲ ላይ መለጠፍ ሁለቱንም መበደል ነው። ጋልም ቢሆን እዚያው አልቀረችም፤ ከዘፈን ደራሲው ሚሼል ቤርዤ ጋር ሌላ ሰፊ የሙያ ዘመን ኖረች፤ በ1985 የፈረንሳይ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች በቀረጹት ሸክላ ላይም ድምፅዋ አለ።

አርዲም ከጌንስቡር ጋር ሠርታለች። በ1968 ለአንድ የውጭ ዜማ ፈረንሳይኛ ግጥም ጻፈላት፤ ተወዳጅ ሆነ። በዚያ ጊዜ ግን ዕድሜዋ 24 ነበር፤ ከኋላዋ በራሷ ድርሰቶች የተሞሉ አልበሞች ነበሩ፤ የምትፈልገውንና የማትፈልገውን ታውቅ ነበር። በዚያው ዓመት የመድረክ ዝግጅትን እርግፍ አድርጋ ተወች። አሻንጉሊት መድረክ አይተውም።

ትወናዋን በአጭሩ። በ1963 ሮዤ ቫዲም ባዘጋጀው ፊልም ላይ ተሳተፈች፤ በ1966 ጆን ፍራንክንሃይመር ስለ መኪና እሽቅድድም በሠራው ትልቅ ፊልም ላይ ተጫወተች፤ በዚያው ዓመት በዣን ሉክ ጎዳር ፊልም ላይ ለጥቂት ቅጽበት ታየች። ፊልም ሠሪዎቹ የፈለጉት መልኳን ነበር፤ እሷ ሥራውን አልወደደችውም፤ አልቀጠለችበትምም። ጸሐፊያችን ግን ከፎቶግራፎቿና ከፊልሞቿ ተነሥቶ ዘፈኖቿን ይተረጉማል። የሚታየው መልክ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑም የመልክ ጌጥ መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራዋን «ዬዬ» የሚለው ቃል ከነጭራሹ አይነካውም። በ1971 ቱካ ከተባለች ብራዚላዊት ጊታር ተጫዋች ጋር የሠራችው አልበም ጸጥ ያለ፣ ለጆሮ የቀረበ፣ እስትንፋሷ የሚሰማበት ነው፤ ከሥራዎቿ ሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው። በ1973 ቤርዤ ባዘጋጀላት ዘፈን መግቢያ ላይ ሳታዜም በንባብ የምትናገረውን ቃል የጻፈችው ራሷ ናት። ከዘፋኙ ዣክ ዱትሮን ጋር ልጅ ወለደች፤ በ1981 ተጋቡ። በ1990 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ዡልየን ክሌር የተባለው ታዋቂ ወንድ ዘፋኝ የዘፈነውን ግጥም የጻፈችለት እሷ ናት። ከ2004 ጀምሮ ከካንሰር ጋር እየታገለች ሠራች፤ የመጨረሻ አልበሟ በ2018 ወጣ።

ስለዚህ ቃሉን አንጠቀም አልልም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። በመዝገቤ ላይ ለዚያ ለ1962ቱ ሸክላ «ስልት» የሚለውን ዓምድ ለአራቱም ዘፈኖች ለየብቻ ሞልቼዋለሁ። «ዬዬ» የሚለው የሰፈረው «ዘመንና አድማጭ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው፤ «ግጥም» በሚለው ዓምድ ደግሞ ሦስት ጊዜ «ፍ. አርዲ» ተብሎ ተጽፏል።