ስፔን ባህር ዳር ሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ውስጥ ማደር ይቻላል ወይስ አይቻልም?

በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ስፔን የምትወርዱ ሰዎች ይሄን ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ በደንብ ላስረዳ። ዋናው ነገር፣ ማቆምና ካምፕ ማድረግ በህግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስፔን ትራፊክ መስሪያ ቤት መመሪያ መሰረት መኪናው በተፈቀደ ቦታ በትክክል ከቆመ፣ መሬት የነካው ጎማው ብቻ ከሆነ፣ ውስጡ ብትተኙም ቡና ብታፈሉም ያው የቆመ መኪና ነው። ወንበር ካወጣችሁ፣ የጎን ሸራውን ከዘረጋችሁ ወይ ቆሻሻ ውሃ ከደፋችሁ ግን ካምፕ አደረጋችሁ ማለት ነው።

ለምሳሌ ደቡብ ስፔን ያለችው አልሜሪያ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሞተርሆም ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል፣ አንዱ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ራቱን ይበላል፣ ሌላው ውጭ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል፤ ፖሊስ ሲመጣ የሚቀጣው ሁለተኛውን ነው።

አሸዋው ላይ ግን ጭራሽ እንዳትገቡ! የ1988ቱ የባህር ዳርቻ ህግ እዛ ማቆምንም ካምፕንም ይከለክላል፣ ወሩ ጥር ሆነ ሐምሌ፣ ሰው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው የቅጣቱ መጠንና የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ደንብ ነው፣ እንደ ካቦ ዴ ጋታ ያሉ ጥብቅ ፓርኮች ደግሞ የራሳቸው ጠበቅ ያለ ህግ አላቸው። ስለዚህ ሌሎች ሞተርሆሞች ቆመው ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፣ መግቢያው ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ።