ሽልንግ ምን ያህል ገንዘብ ነበር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቆዩ የእንግሊዝ ልብ ወለዶችን የሚያነብ ሰው በየገጹ ሽልንግ ያጋጥመዋል። የቤት ሠራተኛዋ በሽልንግ ትቀጠራለች፣ ወታደሩ በሽልንግ ይመለመላል፣ አባት ልጁን በአንድ ሽልንግ ከርስቱ ይነቅላል። ደራሲዎቹ የጻፉት ለዘመናቸው ሰው ስለ ነበር የገንዘቡን ክብደት ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። እኛ ግን ክብደቱን ካላወቅን ታሪኩ ራሱ ያመልጠናል፤ ማን እንደ ተበደለ፣ ማን እንደ ለገሰ፣ ማን እንደ ተዋረደ ብዙ ጊዜ የሚነገረን በሽልንግ ቁጥር ነውና። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ግምቶች አንድ በአንድ ላንሣ። ዓመታቱ በሙሉ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሽልንግ የፓውንድ ግማሽ ነው»

ይህ ስሕተት በተለይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ነው፤ ምክንያትም አለው። በአገራችን ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም፣ የብር ግማሽ ነው። ስለዚህ አንባቢው ሳያስበው ሁለት ሽልንግን አንድ ፓውንድ ያደርገዋል። እውነታው ሌላ ነው፦ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔንስ (ነጠላው ፔኒ ይባላል) ነበር፤ ፓውንዱ በጠቅላላው 240 ፔንስ ይሆናል።

የእኛው ሽልንግ ግን ከዚሁ ቤተሰብ የመጣ ነው። ጣሊያን በ1941 ከተባረረ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገብቶ በገበያችን ይዘዋወር ነበር፤ እርሱም እንደ እንግሊዙ ሃያው አንድ ፓውንድ ይሆን ነበር። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1937 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1945) አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል ዋጋው ሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተደረገ። ሃምሳ ሳንቲሙ የሽልንግን ስም የያዘው በዚህ መንገድ ነው። ግማሽነቱ እንግዲህ የብራችን ነው፤ ፓውንድ ዘንድ ሽልንግ ሃያኛ እጅ ብቻ ነው።

«ሽልንግ አምስት ፔንስ ስለሆነች የምናምን ገንዘብ ናት»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመለከተው እፈልጋለሁ። እንግሊዝ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ፓውንዷን ለመቶ ስትከፍል የድሮው ሽልንግ አምስት አዲስ ፔንስ ሆነ። የዛሬው አንባቢ ይህን ምንዛሪ ይዞ ወደ 1800ዎቹ ይመለስና ሽልንግ ሲያይ ለለማኝ የሚጣል ሳንቲም ይመስለዋል። ሽልንግን ግን መለካት ያለብን በደሞዝ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ሽልንግ ለማግኘት ስንት ሰዓት ይሠራ ነበር?

በ1850 እና 1851 ጄምስ ኬርድ የእንግሊዝን እርሻዎች ዞሮ ሲያጠና የእርሻ ሠራተኛው አማካይ የሳምንት ደሞዝ 9 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ሆኖ አገኘው። ለስድስት የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 19 ፔንስ ነው። አንድ ሽልንግ እንግዲህ ከግማሽ ቀን በላይ የማረስ፣ የማጨድና የመሸከም ዋጋ ነበር። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ገና በ12 ዓመቱ፣ በ1824፣ ለንደን ውስጥ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ በቀለም ማሰሮዎች ላይ ወረቀት ሲለጥፍ በሳምንት ስድስት ሽልንግ ያህል ይከፈለው ነበር፤ በቀን አንድ ሽልንግ መሆኑ ነው። ያ ልጅ አድጎ ስለ ሽልንግ ሲጽፍ የእያንዳንዷን ክብደት በእጁ ያውቀዋል።

ወደ ለንደን ወደብ እንምጣ። በ1889 የወደቡ ሠራተኞች አምስት ሳምንት ያህል አድማ መትተው ከተማዋን ያስጨነቁት በሰዓት 6 ፔንስ እንዲከፈላቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት የሚያገኙት አምስት ነበር። አድማው ተሳካ። የትግላቸው ፍሬ በሰዓት አንድ ፔኒ፣ በአዲሱ ክፍያም አንድ ሽልንግ የሁለት ሰዓት የጭነት ሥራ ዋጋ ሆነ። እርሱም ሥራ ለተገኘለት ሰው ነው፤ በየማለዳው በወደቡ በር ተሰልፎ ሳይመረጥ የሚመለሰው ብዙ ነበር።

በ1913 ደግሞ ሞድ ፔምበር ሪቭስ በለንደኑ የላምቤዝ ሠፈር ሳምንቱን በአንድ ፓውንድ አካባቢ ስለሚገፉ ቤተሰቦች ጻፈች። እነዚህ ሥራ ያላቸውና የማይጠጡ ሰዎች ነበሩ። እናቶቹ በየሳምንቱ ሃያ የሚያህሉትን ሽልንጎች ለኪራይ፣ ለከሰል፣ ለዳቦ ሲደለድሉ የማይነኩት አንድ ወጪ ነበር፤ በየልጁ ስም አንድ አንድ ፔኒ ለቀብር መድን ይከፍላሉ። ልጅ ቢሞት የቀበሌው ድሆች መቀበሪያ ውስጥ እንዳይጣል ሲሉ ከሕያዋኑ አፍ ፔኒ እየነጠሉ ያስቀምጣሉ። ይህን ካወቀ በኋላ አንድ ሽልንግን ምናምን የሚል አንባቢ ሊኖር አይችልም።

«ቦብ ክራቺት የድሃ ድሃ ነበር»

በ1843 በታተመው የዲከንስ «ክሪስማስ ካሮል» ላይ የስስታሙ ነጋዴ የስክሩጅ ጸሐፊ ቦብ ክራቺት በሳምንት 15 ሽልንግ ያገኛል። ከእርሻ ሠራተኛው ቢነጻጸር የተሻለ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ብዙ ልጆች አሉት፣ የሚኖረው ለንደን ነው፣ እንደ ጸሐፊ ደግሞ ንጹሕ ለብሶ መታየት ይጠበቅበታል። የዲከንስ ትክክለኛነት እዚህ ላይ ይታየኛል። ለማኝን ሳይሆን ደሞዝተኛን አምጥቶ ደሞዙ እንደማያኖር አሳየን።

ታናሹ ልጅ ታይኒ ቲም የታመመበትን ቤት አስቡ። የታወቀ ሐኪም ለአንድ ጉብኝት የሚጠይቀው የተለመደ ክፍያ አንድ ጊኒ፣ ማለት 21 ሽልንግ ነበር፤ ከአባቱ የሳምንት ደሞዝ በስድስት ሽልንግ ይበልጣል። መጽሐፉ ራሱ የተሸጠው በ5 ሽልንግ ነው። ክራቺት የገዛ ታሪኩን ገዝቶ ለማንበብ የሁለት ቀን ሥራውን መክፈል ነበረበት።

መጽሐፍ በዚያ ዘመን የቅንጦት ዕቃ ነበርና ይህም ርካሽ ነበር። በሦስት ቅጽ የሚታተም ልብ ወለድ የተለመደ ዋጋው 31 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነው። ዲከንስ የፒክዊክን ታሪክ ከ1836 ጀምሮ በየወሩ በአንድ ሽልንግ በክፍል በክፍል ሲያወጣ ገዢው ወደ መጨረሻው 40,000 የደረሰው ለዚህ ነው። ሠላሳ ሽልንግ በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችል ሰው በወር አንድ ይችላል። በ1851 በለንደን በተከፈተው ታላቁ ኤግዚቢሽንም ያው ታየ። መግቢያው መጀመሪያ ውድ ነበር፤ ከሜይ 26 ጀምሮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድ ሽልንግ ሲሆን ሕዝቡ ከየአውራጃው በባቡር ጎረፈ። ሽልንግ ተራው ሰው ቆጥቦ ለአንድ ደስታ ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ ነበር፤ ነጋዴውም አሳታሚውም ይህን ያውቁ ነበር።

«በ12 እና በ20 መቁጠር ትርጉም የሌለው ውስብስብ ነገር ነበር»

ለአስሊ መሣሪያ አስቸጋሪ ነው፤ ለገበያ ግን የተመቸ ነበር። ሽልንጉ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት ያለ ቀሪ ይከፈላል። መቶን ለሦስት ብንከፍል የሚተርፍ አለ፤ የፓውንድ ሲሶ ግን ልክ 6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነው። ይህ ቁጥር በየልብ ወለዱ የሕግ ጉዳይ አስፈጻሚ ክፍያ ሆኖ የሚደጋገመው በአጋጣሚ አይደለም። ባለሱቁም ደርዘን ዕቃ በሰባት ሽልንግ ከገዛ አንዱ ሰባት ፔንስ እንደ ወጣበት ሳያሰላ ያውቃል። ከሰል ሻጩም እንዲሁ፦ የእንግሊዝ ቶን በሃያ ከረጢት መጠን ይከፈል ስለ ነበር፣ አንዱ መጠን ስንት ሽልንግ ከሆነ ቶኑ ያን ያህል ፓውንድ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ይህን ሒሳብ በቃሉ ይሠራው ነበር።

«በአሊስ ታሪክ ውስጥ ባርኔጣው ላይ ያለው 10/6 ቀን ነው»

ሉዊስ ካሮል ስለ አሊስ በጻፈው በ1865ቱ መጽሐፍ ጆን ቴኒየል የሣለው እብድ ባርኔጣ ሠሪ በባርኔጣው ላይ 10/6 የሚል ካርድ ሰክቷል። በአሜሪካ ኦክቶበር 6ን የባርኔጣ ሠሪው ቀን ብለው የሚያከብሩ አሉ። ካርዱ የዋጋ ምልክት ነው፤ 10 ሽልንግ ከ6 ፔንስ። በእንግሊዞች አጻጻፍ ከዘንባላው መስመር በግራ ያለው ሽልንግ፣ በቀኝ ያለው ፔንስ ነው፤ ፔንስ ከሌለ በቦታው ሰረዝ ይገባል። ሰውዬው ለሽያጭ ያቀረበውን ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፍቶ ሻይ እየጠጣ ነው ማለት ነው። ዋጋው የጊኒ ግማሽ ነው፤ ለጨዋ ሰው የተሠራ ባርኔጣ መሆኑን የዘመኑ አንባቢ ወዲያው ይረዳል።

«ጊኒ በቪክቶሪያ ዘመን ሰው ኪስ ውስጥ የነበረ ወርቅ ነው»

አልነበረም። የጊኒ ሳንቲም የተመታው ከ1663 እስከ 1814 ነው። ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ በ1717፣ አይዛክ ኒውተን የገንዘብ ማምረቻው ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ 21 ሽልንግ ላይ ጸና። ቪክቶሪያ በ1837 ስትነግሥ ሳንቲሙ በባለ 20 ሽልንግ ወርቅ ከተተካ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። ጊኒ የቀረው ለዋጋ መጥሪያነት ነው። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሠዓሊና የፈረስ ነጋዴ በጊኒ ይጠይቃሉ፤ ከፋዩ ፓውንዱ ላይ አንድ ሽልንግ ይጨምራል። የሠራተኛ ደሞዝ በጊኒ አይጠራም። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ክፍያው በጊኒ ከተነገረ ተቀባዩ ራሱን ከደሞዝተኛው በላይ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው።

«የሽልንጉ ዋጋ በውስጡ ያለው ንጹሕ ማዕድን ነው»

እስከ 1816 ድረስ ይህ ለእውነት ይቀርባል። በዚያ ዓመት ግን መንግሥት ፓውንድ በሚባለው የክብደት መለኪያ ከተመዘነ አንድ ፓውንድ የብር ማዕድን 62 ሽልንግ ይመታ የነበረውን 66 አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ሽልንግ ከማዕድኑ በላይ የሚቆጠር ገንዘብ ሆነ። በ1920 የብሩ መጠን ወደ ግማሽ ወረደ፣ በ1947 ጭራሽ ወጣ።

«ሽልንግ ከጥንት ጀምሮ ይህ ሳንቲም ነበር»

በ600 ገደማ የኬንቱ ንጉሥ ኤተልበርት ባወጣው ሕግ የሰውን አውራ ጣት የቆረጠ 20 ሽልንግ፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር ያወለቀ 3 ሽልንግ ይከፍላል። ይህ ግን የዲከንስ ሽልንግ አይደለም። ለረጅም ዘመን ሽልንግ በዋናነት የሒሳብ መለኪያ ነበር፤ ከጥንቶቹ የእንግሊዝ መንግሥታት በዌሴክስ 5 ፔንስ፣ በመርሲያ 4 ፔንስ ይቆጠር ነበር፤ 12 የሆነው ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው። ባለ 12 ፔንሱ የብር ሳንቲም የተመታው በሄንሪ 7ኛ ዘመን፣ ወደ 1500 ገደማ ነው፤ የተስፋፋውም በኤድዋርድ 6ኛ ጊዜ። በሼክስፒር የዊንድዘር ሴቶች ኮሜዲ ውስጥ ስሌንደር የሚባለው ቂል ኪሱ እንደ ተበረበረ ሲናገር ሁለት የኤድዋርድ ሽልንጎች ይጠቅሳል፤ እያንዳንዳቸውን በ2 ሽልንግ ከ2 ፔንስ ገዝቷቸዋል። ሰፋፊና ልሙጥ ስለ ነበሩ በጠረጴዛ ላይ ለሚገፋ ጨዋታ ይፈለጉ ነበር። ተመልካቹ የሚስቀው አንድ ሽልንግን ከሁለት ሽልንግ በላይ ከፍሎ በገዛው ሰው ላይ ነው።

«ቢራ ውስጥ በተጣለ ሽልንግ ሰው ሳያውቅ ወታደር ይሆን ነበር»

መልማዩ ሽልንጉን ቢራ ውስጥ ይደብቃል፣ ጠጪው ሲያገኘው ተይዟል፤ ሥሩ የመስታወት የሆነ ዋንጫም የተሠራው ጠጪው ሳንቲሙን አስቀድሞ እንዲያይ ነው ይባላል። የንጉሡን ሽልንግ መቀበል የመመልመል ምልክት እንደ ነበር እውነት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሕግ ግን ምልምሉ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዳኛ ፊት ቀርቦ ፈቃዱን መናገር ነበረበት፤ ሐሳቡን ከለወጠ የተቀበለውን መልሶ 20 ሽልንግ በመክፈል ይለቀቃል። ግፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥራ አጥቶ፣ ሰክሮ ለፈረመ ድሃ 20 ሽልንግ ከየት ይመጣል? የሁለት ሳምንት ደሞዝ ነው። ነፃነቱ በወረቀት ላይ ነበር፤ ዋጋው ግን ከእጁ የራቀ ነው። መርከበኞችን በጉልበት አፍሶ የመውሰዱ ልማድ ደግሞ የባሕር ኃይል ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ከ1797 ጀምሮ የእግረኛ ወታደር የቀን ክፍያም ያው አንድ ሽልንግ ነበር፤ ከእርሱ ላይ ለምግብና ለልብስ ይቆረጥበታል።

«ሽልንግ በ1971 ጠፋ»

የሒሳብ መለኪያነቱ ቀረ እንጂ ሳንቲሙ እንደ አምስት ፔንስ ሆኖ እስከ 1990 መጨረሻ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኖሯል። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በሶማሊያ ዛሬም ገበያ የሚወጣው በሽልንግ ነው።

«ልጅን ከውርስ ለመንቀል አንድ ሽልንግ መተው በሕግ ግዴታ ነበር»

በልብ ወለዶች ውስጥ የተቆጣ አባት ለልጁ አንድ ሽልንግ ብቻ ይናዘዝለታል። ብዙዎች ያለዚያ ኑዛዜው ይፈርሳል ብለው ያምኑ ነበር፤ ዛሬም የሚያምኑ አሉ። ታላቁ የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን በ1760ዎቹ ይህን መሠረት የሌለው የሕዝብ ስሕተት ብሎታል። መነሻው የሮማ ሕግ ይመስላል፤ በዚያ ልጁን ጨርሶ ሳይጠቅስ ያለፈ ተናዛዥ አእምሮው እንደ ተዛባ ይገመት ነበርና ጥቂት ነገር መተው ልጁ እንዳልተረሳ ያሳያል። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለ ግምት አልነበረውም። አባቱ ልጁን በስም እንኳ ሳይጠራ ቢያልፈው ኑዛዜው ጽኑ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ ያ አንድ ሽልንግ ሲመጣ አባትየው ሆን ብሎ የጻፈው ስድብ ነው፤ የቀን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ዋጋ ለባለጸጋ ልጅ። በስኮትላንድ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሕጉ ከአባት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለልጆች ድርሻ ስለሚጠብቅ፣ አባት በኑዛዜው ያሻውን ሽልንግ ቢጽፍም ልጁ ድርሻውን መጠየቅ ይችላል።